ረቂቃችሁን ለሰው ከመላካችሁ በፊት ፕሪንት አድርጉት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። በኪነጥበብ ገጻችሁ ላይ ለጀማሪ ጸሐፊዎች ምክር ብላችሁ ያወጣችሁትን አነበብኩት፣ ደስ ይላል፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ያለነውንም ሰዎች አስባችሁ መጻፋችሁን አመሰግናለሁ። ግን አንድ ቦታ ላይ በጭራሽ አልተስማማሁም። "ረቂቃችሁን እንደጨረሳችሁ በቴሌግራም ለጓደኞቻችሁ ላኩ፣ አስተያየት ሰብስቡ፣ ከዛ በኋላ አርሙ" ነው የምትሉት። እኔ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል ባይ ነኝ። መጀመሪያ ወረቀት ላይ አውጥተህ፣ እስክሪብቶ ይዘህ፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አርመህ፣ እሱን ኮምፒውተሩ ላይ አስገብተህ፣ ከዛ ነው ለሰው የሚላከው። ይሄን የምለው ዝም ብዬ አይደለም፣ እንጀራዬ ስለሆነ በየቀኑ የማየው ነገር ነው።

እኔ ሐዋሳ ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ሥራ ነው የምሰራው። ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የመጣው ሁሉ ይሰራል። ከዚህ ሁሉ መሀል ግን እኔ የምወደው ሰው ፍላሽ ይዞ ቀስ ብሎ ገብቶ "ይሄ የራሴ ነው፣ ልብወለድ ነገር ነው" ሲለኝ ነው። ሰው አያውቅም እንጂ በዚህ ከተማ የሚጽፍ ሰው ብዙ ነው፣ አስተማሪው ይጽፋል፣ ባንክ ቤት ያለችው ልጅ ትጽፋለች፣ ጡረታ የወጡ አባት የሕይወት ታሪካቸውን በደብተር ጽፈው አምጥተው ያስተይባሉ፣ የዩኒቨርሲቲ ልጆቹ ግጥም ነው የሚበዛባቸው። እነዚህ ሰዎች ሲለፉ አያለሁ፣ ሦስት አራት ዓመት ሌሊት ሌሊት የጻፉትን ነው ይዘው የሚመጡት፣ ስለዚህ በችኮላ ሲበላሽባቸው ሳይ ያንገበግበኛል፣ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እስቲ አንድ ነገር አስቡት። ረቂቅህን የምትሰጠው ሰው ደሞዝ አትከፍለውም። ከሥራ መጥቶ፣ ልጆቹን አስተኝቶ፣ ላንተ ሲል ነው ቁጭ ብሎ የሚያነብልህ፣ ይሄ ሰው ደግሞ ታሪኩን ሳያውቀው የሚያነበው አንዴ ነው፣ ሁለተኛ ጊዜ ብትሰጠው ማን እንደሚሞት ያውቃል፣ ማን ማንን እንደሚያገባ ያውቃል፣ የት ጋ እንደሚሰለች የት ጋ እንደሚደነግጥ መጀመሪያ ያነበበ ጊዜ የነገረህ ካልነገረህ በቃ አለፈ። ይቺን አንድ ንባብ በፊደል ግድፈት ካባከንክበት ሌላ አይሰጥህም። ይሉኝታም አለ፣ "አርሜዋለሁ ድገምልኝ" ብትለው እሺ ይልሃል ግን አያነበውም፣ ይሄን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ፈቅዳልኝ የምነግራችሁ አንድ ደንበኛዬ አለች፣ ሆስፒታል ነው የምትሰራው፣ የማታ ተረኛ ስትሆን ነው የምትጽፈው። ታሪኩ ከይርጋለም ሐዋሳ ስለመጣ አንድ ቤተሰብ ነው። እንደጨረሰች ፒዲኤፍ አድርጋ ለሚያነቡላት ሰዎች በቴሌግራም ላከች፣ ልክ እናንተ እንዳላችሁት ማለት ነው። መልሱ ሲመጣ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነበር፣ "አሪፍ ነው፣ በርቺ፣ የፊደል ስህተት ግን ይበዛዋል"። ስለ ታሪኩ የተናገረ የለም ማለት ይቻላል። አንዷ ብቻ "ወንድምየውን ማን እንደመታው አልገባኝም፣ እናትየውስ እንዴት ዝም ብላ ታያለች" ብላ ጻፈችላት። ልጅቷ ግራ ገባት፣ ምክንያቱም በመጽሐፉ ውስጥ ወንድምየውን የሚመታው ሰው የለም!

እኔ ጋ መጥታ ሙሉውን ፕሪንት አደረግንና እዛው ጠረጴዛ ላይ እስክሪብቶ ይዛ ጀመረች፣ ደንበኛ ሲቀንስ እኔም አጠገቧ ሆኜ አያለሁ። ገና ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ እንዲህ የሚል መስመር ላይ ደረሰች፣ "ወንድሜ ማታ ሲመታ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታየው ነበር"። ልትጽፍ የፈለገችው "ሲመጣ" ነው። ልጁ ከሥራ ሲመጣ እናቱ በር ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች፣ በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ቦታዎች ሁሉ ፍቅር ያለበት ቦታ እሱ ነው፣ በአንዲት ፊደል እናትየው ልጇ ሲደበደብ ቆማ የምታይ ጨካኝ ሆና አረፈች። ደራሲዋ ስክሪን ላይ ስንቴ አልፋዋለች መሰላችሁ፣ አላየችውም፣ ጭንቅላቷ ውስጥ ያለው "ሲመጣ" ስለሆነ ዓይኗ የሚያነብላት እሱኑ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን እስክሪብቶዋን ከመስመሩ ስር እያስኬደች ስለነበር እዛ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ።

ይሄ የእሷ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ፣ የኪቦርዳችን ችግር ነው። አብዛኞቻችን የምንተይበው በእንግሊዝኛው ፊደል ድምፅ ነው አይደል፣ "ተ"ን በትንሿ ፊደል፣ "ጠ"ን ሺፍት ይዘን፣ "ቸ"ን በትንሿ፣ "ጨ"ን ሺፍት ይዘን፣ "ነ"ን በትንሿ፣ "ኘ"ን ሺፍት ይዘን። ጣት ሺፍቱ ላይ ሳያርፍ ከቀረ "መጣ" "መታ" ይሆናል፣ "ጠራ" "ተራ" ይሆናል፣ "ነኝ" "ነን" ይሆናል። አናባቢዋ ከተረሳች ደግሞ ፊደሉ ሳድስ ሆኖ ይቀራል፣ "ቤቱ" "ቤት" ይሆናል፣ "ልጁ" "ልጅ" ይሆናል። ክፋቱ እነዚህ ሁሉ ትክክለኛ የአማርኛ ቃላት ናቸው። እኛ በምንጽፍበት ኮምፒውተር ላይ እንደ እንግሊዝኛው ስር ስሩ ቀይ እያሰመረ የሚያርምልን ነገር ብዙዎቻችን የለንም፣ ቢኖረንም እንኳን "ነን" ስህተት ነው ብሎ አያሰምርበትም፣ ስህተት አይደለማ። ስህተት የሚሆነው ከ"እኔ" ጋር ሲመጣ ነው፣ ያንን ደግሞ የሚለየው የሚያነብ ሰው ነው።

ስልክ ላይ የሚጽፉትም ጣጣ አለባቸው፣ ቃሉን ራሱ እየገመተ ያስገባላቸዋል፣ የገመተው ትክክል ሲመስል አልፈው ይሄዳሉ። በድሮ ፎንት የተጻፈ ፋይል ያላቸውም አሉ፣ በተለይ ትልልቆቹ ሰዎች። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዛ በፊትም ከዛ በኋላም ብዙ ዓመት ሰው በቪዥዋል ግዕዝና በመሳሰሉት ነበር የሚጽፈው፣ ያንን ፋይል ወደ አሁኑ ስትገለብጠው ሁሉም ፊደል በሰላም አይሻገርም፣ አራት ነጥቡ ሌላ ነገር ሆኖ ይመጣል፣ አንዳንድ ፊደል ይጠፋል። እንዲህ ያለ ፋይል ሳይታተምና ከአሮጌው ኮፒ ጋር ጎን ለጎን ሳይታይ ለሰው መላክ የለበትም፣ በፍጹም።

ሌላው ስም ነው። በእኛ ፊደል አንድ ስም በስንት መንገድ ይጻፋል? ፀሐይ የምትባል ገጸ ባሕርይ አለችህ እንበል። የመጀመሪያው ፊደል በ"ጸ"ም በ"ፀ"ም ይሄዳል፣ ሁለት። መሀል ላይ ያለው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ፣ ስድስት። ሲባዛ 12 ነው። አንባቢው ሁሉንም "ፀሐይ" ብሎ ነው የሚያነበው፣ ለኮምፒውተሩ ግን 12 የተለያዩ ሰዎች ናቸው፣ አንዷን ፈልግልኝ ስትለው አስራ አንዷን አያገኛቸውም። እኔ የትኛው ነው ትክክል የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም፣ እሱን ሊቃውንቱ ይጨርሱት፣ ግን አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው በእሱ መሄድ አለ። ለደንበኞቼ የምነግራቸው ባዶ ወረቀት አጠገባችሁ አድርጉ ነው፣ እያንዳንዱ ሰው፣ እያንዳንዱ ሰፈር መጀመሪያ ሲመጣ እንዴት እንደተጻፈ እዛ ላይ ይመዝገብ፣ ከዛ በኋላ የተለየ ሲመጣ ዓይን ቶሎ ይይዘዋል። እዛው ወረቀት ላይ ዕድሜና ዓመተ ምሕረትም ይግባበት፣ ምክንያቱም ውጭ አገር ያለ ገጸ ባሕርይ ካለ ዓመቱ በኛ ነው በፈረንጆቹ የሚለው ሁሌም ይምታታል፣ የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት ቀላል አይደለም፣ ልጅ ከአባቱ ሊበልጥ ሁሉ ይችላል። ሰዓቱም እንደዛው፣ በኛ ሁለት ሰዓት ጠዋት የሆነውን አንድ ምዕራፍ ላይ በኛ፣ ሌላው ላይ በስልኩ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት የሚሉ አሉ።

"ስክሪን ላይስ በደንብ ቢነበብ?" የሚሉኝ አሉ፣ በተለይ ወጣቶቹ። መልስ አለኝ። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት አለ፣ ተመራማሪዎቹ 54 ጥናቶችን ሰብስበው፣ በጠቅላላው ከ170 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን ማለት ነው፣ ወረቀት ላይ ያነበበና ስክሪን ላይ ያነበበ ሰው እኩል ይረዳል ወይ የሚለውን አወዳደሩ። ወረቀት በለጠ፣ በተለይ ሰው ጊዜ አጥሮት ሲያነብ። እውነቱን ለመናገር ልብወለድ ላይ ልዩነቱ አልታየም፣ የታየው መረጃ በሚሰጥ ጽሑፍ ላይ ነው፣ ይሄን ሳልናገር ባልፍ ትክክል አይሆንም። ግን እዚህ ጋ ልብ በሉ፣ የራስህን ልብወለድ ስታርም ልብወለድ እያነበብክ አይደለም። ታሪኩን ታውቀዋለህ። እየፈለግክ ያለኸው የተሳሳተችውን ፊደል፣ የተደገመውን ቃል፣ ምዕራፍ ሦስት ላይ ሞቶ ምዕራፍ ሰባት ላይ ቡና የሚጠጣውን ሰውዬ ነው፣ ይሄ ደግሞ ትኩረት የሚፈልግ ሥራ ነው እንጂ መዝናኛ አይደለም።

ደግሞ ስልክ ላይ ሆነህ ስታነብ ቦታ የለህም። ወደ ታች ትስባለህ፣ ትስባለህ፣ የቱ ጋ እንዳለህ አታውቀውም፣ ከላይ መልእክት ይመጣል፣ ትከፍተዋለህ፣ ስትመለስ ሌላ መስመር ላይ ነህ። ወረቀት ላይ ግን ያ ነገር ከታች በግራ በኩል ነበር ብለህ ታስታውሳለህ፣ አምስት ገጽ ወደ ኋላ ገልጠህ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገህ ታያለህ። ኮምፒውተር ላይ ሌላም ነገር አለ፣ ስህተቱን ስታየው እዛው ታስተካክለዋለህ፣ ስታስተካክል ዐረፍተ ነገሩን ትነካካለህ፣ ስትነካካ አዲስ ስህተት ትጨምራለህ፣ ግማሽ ቆርጠህ ግማሽ ትተህ ትሄዳለህ። እስክሪብቶ ግን ምልክት አድርጎ ነው የሚያልፈው፣ የድሮው ቃል ከስር ይታያል፣ ሁለት ቀን ቆይተህ "የድሮው ይሻል ነበር" ካልክም አለልህ።

ይሄ እኮ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ቁም ጸሐፊዎቹ ብራና ላይ መቃ ብዕር ይዘው ሲጽፉ ስህተት ሲያገኙ በቢላ ፍቀው ነበር የሚያርሙት፣ የተዘለለ ቃል ካለ በመስመሩ መሀል በደቃቃው ወይም በኅዳጉ ላይ ምልክት አድርገው ይጨምሩታል፣ መሰረዝ ያለበትን ከላይና ከታች ጭረት ያደርጉበታል። ድሮ የተጻፉትን መጻሕፍት ያየ ሰው እነዚህን ምልክቶች ያውቃቸዋል፣ መጽሐፉ ከተጻፈ በኋላ ሰው ቁጭ ብሎ መስመር በመስመር እንዳየው ምስክር ናቸው። ከዛ ማተሚያ ቤት መጣ፣ ብርሃንና ሰላም ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ ፊደል ለቃሚ ነበር፣ አራሚ ነበር፣ በጽሕፈት መኪና የምትተይበዋ ጸሐፊ ነበረች፣ ደራሲው በእጁ የጻፈው አንባቢ ጋ እስኪደርስ በብዙ ሰው ዓይን ያልፍ ነበር። አሁን ደራሲው ራሱ ተያቢ፣ ራሱ አራሚ፣ ራሱ ገጽ አቀናባሪ ሆኗል። እነዛ ሁሉ ዓይኖች ሲቀሩ ደራሲው አንዴ እንኳን ቁጭ ብሎ በሌላ ዓይን ካላየው ማን ያየዋል?

እንዴት ፕሪንት ይደረግ የሚለውን ትንሽ ልናገር፣ ሰዎች እዚህ ጋ ይሳሳታሉና። ገንዘብ ለመቆጠብ ብለው ፊደሉን ያሳንሱታል፣ መስመሩን ያጣብቁታል፣ ግራና ቀኝ ይለጥጡታል። እንደዛ ከሆነ ወረቀቱ ምንም አይጠቅምም፣ የት ላይ ልትጽፍ ነው? መስመሩ ቢያንስ አንድ ተኩል፣ ከተቻለ ሁለት ይሁን፣ በቀኝ በኩል ሰፊ ኅዳግ ይተው፣ በአንድ ፊት ብቻ ይታተም፣ ጀርባው ለሚጨመር አንቀጽ ይሆናል። ፎንቱን ቀይሩት፣ ይሄን በጣም ነው የምመክረው። በኒያላ ስትጽፍ ከኖርክ ለእርማት ስታወጣው በሌላ አውጣው፣ ግድ በኒያላው ካልሆነ ደግሞ ፊደሉ አነስ ስለሚል 12 ብለህ ብታትመው ዓይን ያደክማል፣ 14 አድርገው። ፎንቱ ሲቀየር መስመሩ ሁሉ ሌላ ቦታ ይቆረጣል፣ ገጹ ሌላ ሰው የጻፈው ይመስልሃል፣ የለመድከው ቦታ ላይ ስለሌለ ዓይንህ መገመት ያቆምና ማንበብ ይጀምራል። የገጽ ቁጥር አትርሱ! ነፋስ ይዞት የሄደ ረቂቅ ያለ ቁጥር መልሶ ማሰባሰብ ስቃይ ነው፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ዛፍ ስር ሆነው ሊያርሙ የሚሄዱ ልጆች ይሄን ያውቁታል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ደግሞ ያተማችሁበትን ቀን ጻፉ።

ከዛ አስቀምጡት። ሁለት ሳምንት፣ ቢቻል ወር፣ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። ይሄን ስላቸው የሚናደዱ አሉ፣ ቸኩለዋል፣ ግን ትናንት የጻፍከውን ዛሬ ብታነበው የምታየው ትናንት ያሰብከውን ነው።

ስታነብ ሁሉንም በአንዴ ለማረም አትሞክር። መጀመሪያ ታሪኩን ብቻ ይዘህ ሂድ፣ የሚያሰለቸውን ቦታ በኅዳጉ ላይ መስመር አድርግበት፣ ፊደሏን ተዋት። ሁለተኛ ዙር ማስመሪያ ይዘህ ከመስመሩ ስር እያደረግክ ቃል በቃል፣ እዚህ ጋ ነው "መታ"ና "መጣ" የሚለቀሙት፣ ነጠላ ሰረዝና አራት ነጥቡም እዚሁ ነው የሚታየው፣ በተለይ አራት ነጥብ ላይ ሁለት ኮለን ደርድረው የሚጽፉ ሰዎች መስመሩ ሲቆረጥ ነጥቦቹ ብቻቸውን አዲስ መስመር ላይ ጉብ ብለው ያገኟቸዋል። ሦስተኛው ጮክ ብሎ ነው። ለእኛ ቋንቋ ይሄ ግዴታ ነው፣ ምክንያቱም ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አያሳይም። "አዞው አጠገብ የቆመው ልጅ ሊበላ ነው" ብለህ ብትጽፍ ልጁ ምሳውን ሊበላ ነው ወይስ አዞው ሊበላው ነው? አንተ ስትጽፍ አጥብቀህ ነው ያሰብከው፣ አንባቢህ አላልቶ ያነበዋል። ራስህ ስታነበው አይያዝም፣ የምታስበውን ታውቃለህና፣ ስለዚህ ሌላ ሰው ያንብብልህ፣ እህትህም ትሁን ጎረቤትም፣ አንድ ምዕራፍ እንኳን ብታነብልህ አንተ ወረቀቱን ይዘህ ተከታተል፣ የተደናቀፈችበት ቦታ ሁሉ ላይ ምልክት አድርግ፣ ለምን እንደተደናቀፈች አትጠይቃት፣ ቦታው ችግር አለበት በቃ።

ወረቀት ውድ ነው ትሉኝ ይሆናል። አውቃለሁ፣ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፣ ወረቀት የምገዛው እኔ ነኝና። የአንድ ደስጣ ዋጋ በየጊዜው ነው የሚጨምረው፣ ሦስት መቶ ገጽ ማውጣት ለተማሪ ከባድ ነው፣ እንዲህ ሲሆን ሰው ዝም ብሎ ፒዲኤፍ ቢልክ አልፈርድበትም። ግን መላ አለው። በአንዴ ሁሉን ማውጣት ግዴታ አይደለም፣ ምዕራፍ በምዕራፍ ይወጣል፣ አንዱን አርመህ ስትጨርስ ቀጣዩን። በአንድ ፊቱ የተጻፈበት የቢሮ ወረቀት ከተገኘ ጀርባው ላይ ይታተማል፣ አታሚው እንዳይነክስ ስቴፕለሩን ማውጣት ብቻ ነው። እሱም ካልተቻለ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች ብቻ አውጣ፣ አንባቢ የሚወስነው እዛ ጋ ነው፣ ደግሞም በሦስት ምዕራፍ ውስጥ አንተ ዘወትር የምትሳሳተው ምን እንደሆነ ይታወቃል፣ የቀረውን ስክሪን ላይም ቢሆን እሱን እየፈለግክ ትሄዳለህ። መብራት ሲጠፋስ? ሐዋሳ ላይ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩ ይዘጋል፣ ወረቀቱ ግን በሻማም ይነበባል።

ወረቀቱ በኋላም ይጠቅማል። አንድ የግጥም ጸሐፊ ደንበኛዬ ሁለት ጊዜ አርሞ አስተካክሎ ለአንድ ማተሚያ ቤት ሰጠ፣ እነሱ ኮምፒውተር ላይ የቆየውን ያልታረመውን ፋይል አተሙለት። ተከራከሩ፣ "የሰጠኸን ይሄንኑ ነው" አሉት። ልጁ ግን ቀን የተጻፈበት የታረመው ወረቀት በእጁ ነበር፣ ሲረከቡም በየገጹ አስፈርሟቸው ነበር፣ ስለዚህ ድጋሚ አተሙለት። በኢሜል ብቻ ልኮ ቢሆን ኖሮ የትኛው ፋይል የመጨረሻው ነው የሚለው ክርክር ማለቂያ አልነበረውም። ደግሞም በኦፍሴት ማተሚያ መኪና ላይ ፕሌቱ፣ ማለትም ገጾቹ ተቀርጸውበት የሚታተምበት ቆርቆሮ፣ ከወጣ በኋላ የሚደረግ እርማት ቀልድ አይደለም፣ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ በትልቅ ሉህ ላይ 16 ገጽ በአንድ ላይ ነው የሚታተመው፣ አንድ መስመር ጨምር ስትለው የሚቀጥሉት ገጾች ሁሉ ይንሸራተታሉ፣ ፕሌቱ ይጣላል፣ ሂሳቡ ያንተ ነው። ያቺ ፊደል ወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ ብትያዝ ኖሮ ዋጋዋ አንድ ገጽ ፕሪንት ነበር።

ያቺ ሆስፒታል የምትሰራዋ ደንበኛዬ አርማ ጨርሳ እንደገና ላከችው፣ መጀመሪያ ላነበቡት ሳይሆን ምንም ላላዩት ሌሎች ሰዎች። በዚህኛው ዙር የመጣው አስተያየት ሌላ ነበር። "ወንድምየው መጽሐፉ መሀል ላይ ሲደርስ ጠፋ፣ የት ሄደ?" አሏት፣ ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ። እውነትም ጠፍቷል። መጀመሪያውኑም የነበረ ጉድለት ነው፣ የፊደሉ ግርግር ሸፍኖት ነው እንጂ። አሁን ሁለት አዲስ ምዕራፍ ጽፋ ሰውዬውን መልሳዋለች። አንባቢ የሚፈለገው ለዚህ ነው፣ "ነን" የሚለውን "ነኝ" ለማድረግ አይደለም፣ እሱን ደራሲው ራሱ ይችለዋል።

ስለዚህ አዘጋጆች፣ የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ ያንን ምክር በሚቀጥለው እትም ላይ አስተካክሉልን፣ "ከመላካችሁ በፊት ወረቀት ላይ አርሙ" የምትል አንድ መስመር ትግባበት፣ ጋዜጣችሁን የሚያምን ወጣት ብዙ ነው። ሁለተኛ የእርማት ምልክቶችን በሩብ ገጽ አውጡልን፣ ይጨመር፣ ይውጣ፣ ቦታ ይቀያየር፣ እንደነበረ ይተው የሚሉትን፣ ከነምሳሌያቸው በኛ ፊደል። እናንተ ቤት አራሚዎች አሉ፣ በየቀኑ የሚጠቀሙባቸው ነው፣ ለእናንተ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ከወጣ እኔ አባዝቼ ግድግዳዬ ላይ እለጥፈዋለሁ፣ ረቂቅ ይዞ ለሚመጣ ሁሉም አንድ አንድ ኮፒ በነፃ እሰጣለሁ። ሐዋሳ ያላችሁ ጸሐፊዎችም ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ስለሚቀዘቅዝ ጠረጴዛዋ ባዶ ናት፣ ቀይ እስክሪብቶና ማስመሪያ አለ፣ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ኑና ቁጭ ብላችሁ አርሙ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ
አቶቴ፣ ሐዋሳ